አፌን አሽትታችሁ ፍረዱ

በአርባ አንድ ዓመቴ፣ ጠላ እንኳ ቀምሼ ሳላውቅ፣ ሰካራም ተባልኩ። በሹክሹክታ ቢሆን እችለው ነበር። የተባልኩት ግን በወላጆች ስብሰባ ላይ፣ ቀጥሎ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አንደበት፣ በመጨረሻም በገዛ ልጄ አፍ ነው። ይህን የምጽፈው አዝናችሁ «አይዞሽ» እንድትሉኝ አይደለም። አይዞሽ ያስፈልገኝ የነበረበት ጊዜ አልፏል። የምጽፈው፣ አሁን በዚህች ሰዓት አንዲት ሴት በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ተከናንባ፣ ምላሷ አፏ ውስጥ እየከበዳት፣ ሰው «ሰነፈች» እያላት እንደምትኖር ስለማውቅ ነው። እሷ ታንብበው። ማንበብ ከደከማት ጎረቤቷ ያንብብላት።

ታደለች እባላለሁ። ሆመቾ በምትባል የሀዲያ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። የአፍ መፍቻዬ ሀዲይሳ ነው፤ አማርኛን ቃል በቃል ለቅሜ ያገኘሁት በትምህርት ቤት ስለሆነ እንደ ገዛሁት ዕቃ ነው የምሳሳለት። ባለቤቴ ማቴዎስ ደግሞ የዶዮገና ሰው፣ ከምባታ ነው፤ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሠራል። ስንጣላ እሱ በከምባትኛ እኔ በሀዲይሳ፣ ስንታረቅ ሁለታችንም በአማርኛ ነው እያልን እንቀልዳለን። አንዲት ልጅ አለችን፤ ቤተልሔም። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍል ነበረች።

ሲጀምር ብርድ ነበር። በጋ ነው፤ ተማሪዎቹ ሹራባቸውን አውልቀው ወገባቸው ላይ ያስራሉ፤ እኔ ጋቢ ደርቤ ጠመኔ እይዛለሁ። «ቲቸር ጋቢ» የሚል ስም ወጣልኝ። ሳቅሁ። ቀጥሎ እንቅልፍ መጣ። ጠዋት ስነሣ ሌሊቱን ሙሉ እንጨት ስሸከም ያደርኩ ይመስለኛል። የምበላው ቀንሶ ሰውነቴ ይጨምራል። ሆዴ ይደርቃል፤ የወር አበባዬ ከወትሮው በዝቶ አልቆም ይላል። ማበጠሪያው ላይ የሚቀረው ፀጉር ራሴ ላይ ከሚቀረው የበለጠ መሰለኝ። ፊቴ ጠዋት ጠዋት ያብጣል፤ ዓይኖቼ ይጠባሉ። ድምፄ ጎርንኖ የወንድ ሆነ።

ከሁሉ የከፋብኝ ግን ቃላት መርሳቴ ነው። ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ አፌን ከፍቼ፣ «ዘይቤ» የሚለው ቃል ጠፋኝ። ለስንት ዓመት ያስተማርኩት ቃል! ተማሪዎቹ ይጠብቃሉ፤ እኔም አብሬያቸው እጠብቃለሁ። በመጨረሻ ከፊት የተቀመጠች ልጅ ቃሉን ነገረችኝ። አመስግኜ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። የዞርኩት ዓይኔን ላለማሳየት ነበር።

ሐኪም ጋ አልሄድሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሄጃለሁ። እዚያው ሆመቾ ያለ አንድ ክሊኒክ «ታይፎይድና ታይፈስ ሁለቱም ተገኝቶብሻል» ብሎ በመርፌ ጀመረኝ፤ በክኒን ጨረሰኝ። ቂጤ ቆስሎ ድካሜ ግን እንዳለ ቀረ። ሁለተኛው ክሊኒክ ደም ማነስ ነው አለ። ደሜ እንኳ በእርግጥ አንሶ ነበር፤ ለምን እንዳነሰ የጠየቀ አልነበረም። የተሰጠኝ የብረት ክኒን የደረቀውን ሆዴን ድንጋይ አደረገው። ሦስተኛው ዘንድ ተራዬን ጠብቄ ስገባ ባለሙያው ቀና ብሎ ሳያየኝ «ዕድሜሽ ስንት ነው?» አለ። ነገርኩት። «የወር አበባ ሊቆም ሲል እንዲህ ያደርጋል። ስፖርት ሥሪ፤ ቅባት ቀንሺ» አለኝ። ከወንበሩ ለመነሣት ጠረጴዛውን መደገፌን አላየም። ስፖርት!

መስቀል ደረሰና ዶዮገና ወደ አማቴ ቤት ሄድን። የእኛ አገር ሰው መስቀልን እንዴት እንደሚያከብር የሚያውቅ ያውቃል፤ ሴት ልጅ ያን ሰሞን አረፍ የምትልበት ሰዓት የላትም። ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ቆጮ እየከተፍኩ፣ ቢላው በእጄ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደኝ። የነቃሁት በአማቴ ድምፅ ነው። እንደማልሰማ አስበው በከምባትኛ ለልጃቸው ይነግሩታል፦ «ሚስትህ እኮ እንደ ጠገበች ላም ተኛች። ከተማ አሰነፋት።»

ማቴዎስ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ሁሉ ዓመት ትዳር በኋላ ከምባትኛ የማልሰማ መስሏቸው ነው። በዚያው በከምባትኛ «እማዬ፣ አልጠገብኩም፤ ደክሞኝ ነው» አልኳቸው። አማቴ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ደነገጡ። ግን አላመኑኝም። ድካም እሳቸው የሚያውቁት ነገር ነው፤ ደክሟቸው ተኝተው ግን አያውቁም።

ወደ ሆመቾ ተመለስን። በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብቼ ግጥም ጮክ ብዬ አነብላቸው ጀመር። ግጥም ማንበብ የምወደው ሥራዬ ነው። ሁለተኛው አንጓ ላይ ስደርስ ምላሴ ወፈረ። «ስ» እና «ሽ» ተደባለቁብኝ። ደግሜ ልል ስሞክር ባሰ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስል ሚዛኔን ስቼ ሰሌዳው ላይ ተደገፍኩ፤ ጠመኔው ወድቆ ተሰበረ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «ቲቸር ዛሬ ሞቅ ብሏታል» አለ። ክፍሉ ሳቀ።

ሳቁ ከክፍሉ ወጥቶ ከተማ ለመዞር ብዙም አልፈጀበትም። ያበጠ ፊት፣ የጎረነነ ድምፅ፣ የተሳሰረ ምላስ፣ ዘገምተኛ እርምጃ። ለሚያይ ሰው ምን ይመስላል? መጠጥ በነውር በሚታይበት፣ ሁሉም ሰው የሁሉንም ቤተ ክርስቲያን በሚያውቅበት ትንሽ ከተማ ውስጥ ይህ ወሬ እሳት ነው።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚነግዱ አንድ አባት ተነሡ። ስሜን አልጠሩም፤ ግን ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ ነበር። «ልጆቻችንን የምንልከው እንዲማሩ ነው፤ ጠጥታ ለምትገባ መምህርት አይደለም» አሉ። ተነሥቼ መልስ ልሰጥ ስል ርዕሰ መምህሩ አቶ ደሳለኝ በእጁ ቁጭ በይ አለኝ። በማግስቱ ቢሮ ጠራኝ።

«እስኪጣራ ድረስ ቤተ መጻሕፍት ብትሠሪ ይሻላል ብለናል» አለኝ።

«ምን እስኪጣራ?»

እስክሪብቶውን አገላበጠ። «ያው... ያሉትን ሰምተሻል።»

«ማን ነው የሚያጣራው? በምን?»

«መምህርት ታደለች፣ እኔ አንቺን ለመጠበቅ ነው።»

«እኔን ለመጠበቅ ከሆነ ጠይቀኝ እንጂ! አመመሽ ወይ ብለህ አንድ ጊዜ ጠይቀኸኛል?»

ክፍሌን ለሌላ መምህር ሰጡት። እኔ ማንም ተማሪ የማይመጣበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አቧራ ከለበሱ መጻሕፍት ጋር ቁጭ አልኩ። እንቅልፍ ስለሚጥለኝ ቆሜ ለመዋል እሞክር ነበር፤ ሰው በመስኮት አይቶ «ተኝታለች» እንዳይል።

የዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ጋሽ ጴጥሮስ እኔን ከልጅነቴ የሚያውቁኝ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሌላው ወንድም ሰለሞን በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ሰንበት ትምህርት አስተምራለሁ፤ መዘምራን ውስጥም ነበርኩ፤ ድምፄ እንዲህ ሲሆን ነው ያቆምኩት። ጸሎት አደረግን፤ ሻይ ቀረበ። ሰለሞን ጀመረ።

«እህት ታደለች፣ በፍቅር ነው የመጣነው። ማንም ሰው ሊወድቅ ይችላል። ጌታ ደግሞ ያነሣል። ብቻ መደበቅ...»

«ምኑን ነው የደበቅኩት?»

«መጠጡን» አለ፤ ቃሉን ራሱ አፍሮበት ነበር።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም፤ በዚያን ጊዜ መነሣት ለእኔ ትልቅ ሥራ ነበር። ሄጄ ፊቱ ቆምኩና አጎነበስኩ። አፌን ከፍቼ «ሃ» ብዬ ተነፈስኩበት። ወደ ኋላ ሸሸ። «አትሽሽ! አፌን አሽትት። አሽትታችሁ ፍረዱ። ጋሽ ጴጥሮስ፣ እርስዎም ያሽትቱ። ከዚያ መደርደሪያውንም ፈትሹ፤ ከአልጋ ሥርም እዩ። ሳትፈትሹ ከዚህ ቤት አትወጡም!»

ጋሽ ጴጥሮስ ሻያቸውን ሳይጨርሱ አስቀመጡ። «ልጄ፣ ተረጋጊ» አሉኝ። ሰለሞን ግን በሩ ላይ ሲደርስ «እንግዲህ ነገሩ እስኪጠራ ሰንበት ትምህርቱን ሌላ ሰው ይይዘዋል» ብሎ ወጣ፤ በማግስቱ እሑድም ይህንኑ በጉባኤ አስነገረ።

ማቴዎስ ይህ ሁሉ ሲሆን ክፍሉ ውስጥ ነበር። አንድ ቃል ተናግሮ «ሚስቴ አትጠጣም» አላለም። ቤተልሔም ከጓዳ ወጣች። ከዚያ በፊት ለሳምንታት ከእኔ ጋር ከትምህርት ቤት ወደ ቤት መሄድ ትታ ነበር፤ «ከጓደኞቼ ጋር ነው» ትለኛለች፤ ጓደኞቿ ግን በሌላ መንገድ ነው የሚሄዱት። አሁን ፊቴ ቆማ «እማ፣ ትጠጫለሽ እንዴ?» አለችኝ።

«አልጠጣም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትሆኚው?»

ሽማግሌዎቹን ያባረረ ጉልበት ለልጄ ጥያቄ መልስ አጣ። ምን ሆኜ ነው?

በተከታዩ ሳምንት አንድ ቀን፣ ማቴዎስ ከሥራ ሲመለስ እኔ ጓሮ ነበርኩ። በመስኮት ሳየው ወደ ትምህርት ቤት የምይዘውን የውሃ ኮዳ አንሥቶ ክዳኑን ከፈተ፤ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተ። ከዚያ ክዳኑን ከድኖ በነበረበት ቦታ በጥንቃቄ አስቀመጠው። ጥንቃቄው ነው የገደለኝ። ብዙ የሚያሳዝን ነገር አይቼ ነበር፤ ያን ቀን ግን አላዘንኩም፤ ተናደድኩ። ያ ንዴት ነው ያዳነኝ።

ገባሁና «ነገ ፈቃድ ውሰድ። ሆሳዕና ትወስደኛለህ» አልኩት።

«ምን ልትሆኚ?»

«ደሜን ይመርምሩ። መጠጥ ካለበት እናንተ ልክ ናችሁ። ከሌለበት ማኅተም አድርገው ወረቀት ይስጡኝ፤ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ለከተማው አድላለሁ።»

በማለዳ በሚኒባስ ሄደን ሆሳዕና መናኸሪያ ወረድን፤ ከዚያ ባጃጅ ይዘን ሆስፒታል ገባን። ካርድ አውጥተን ረጅሙ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ብርዱ ያንቀጠቅጠኛል። አጠገቤ ከአንጋጫ የመጣች ሴት ነበረች፤ ጉልበቷ አብጦ ነው። ዝም ብላ ስታየኝ ቆይታ የያዘችውን ብርድ ልብስ ግማሹን እግሬ ላይ ጣለችልኝ።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አለችኝ።

«ሰካራም አለመሆኔን ላስመሰክር ነው የመጣሁት።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ይመሰክራሉ እንዴ እንዲያ? እኔም ባሌን ይዤ ልምጣ፤ እሱንስ ነው ብለው ይመስክሩልኝ!» አለች። ሳቅን። ማቴዎስም ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሦስታችን ጮክ ብለን ስንስቅ ተራ ጠባቂው ሁሉ ዞሮ አየን። ያቺን ሴት ስሟን አልጠየቅኳትም፤ ግን በሕመሜ ዘመን «ምንሽን ያምሻል?» ብላ የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ሰው ናት።

ተራችን ደረሰ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ተማሪዬ ልትሆን ትችል ነበር። እስክቀመጥ እንኳ ሳልጠብቅ ጀመርኩ።

«ዶክተር፣ ልታከም አይደለም የመጣሁት። ደሜን መርምረው አልጠጣም የሚል ማስረጃ ይስጡኝ።»

አልሳቀችም። ድምፄን ሰምታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ፊቴን አየች፤ እጄን ያዘች፤ በአውራ ጣቷ የእጄን ቆዳ ዳበስ አደረገች።

«ቅንድብዎ ዳር ዳሩ የረገፈው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ቅንድቤ መርገፉን አላየሁም ነበር። ማቴዎስም ዞሮ አየኝ፤ እሱም አላየም።

«ቤት ውስጥ እርስዎን ብቻ ይበርድዎታል?»

«እኔን ብቻ።»

«ሆድዎ ይደርቃል? የወር አበባስ?»

እያንዳንዷን ጥያቄ «አዎ» እያልኩ መለስኩ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተንበርክኬ እግሬን ወደ ኋላ እንዳንጠለጥል አዘዘችኝ። በትንሽ የጎማ መዶሻ ከተረከዜ በላይ ያለውን ጅማት መታ አደረገች። ማቴዎስን «ይምጡ ይዩ» ብላ ጠርታ ደገመችው።

«እግራቸው ሲመታ ዘለለ፤ አዩ? አሁን አመላለሱን ይዩ። ቀስ... እያለ ነው የሚመለሰው። የእኔና የእርስዎ ቢሆን ወዲያው ነበር። ባለቤትዎ አልሰከሩም። እንደምጠረጥረው ታይሮይዳቸው ደክሟል።»

ታይሮይድ ምን እንደሆነ በሚገባኝ አማርኛ ነገረችኝ። አንገት ላይ ከማንቁርት ዝቅ ብላ የምትገኝ ትንሽ ዕጢ ናት። ሆርሞን የሚባል ነገር ወደ ደም ትለቃለች፤ ሰውነት በምን ፍጥነት መሥራት እንዳለበት የሚያዝዘው እሱ ነው። ሲያንስ ሁሉም ነገር ይዘገያል፤ ልብ፣ አንጀት፣ ምላስ፣ ሐሳብ ሳይቀር። ሙቀት ይጠፋል፤ ፊት ያብጣል፤ ድምፅ ይጎረንናል።

«እንቅርት ማለት ነው?» አለ ማቴዎስ። «አንገቷ ላይ እኮ ምንም የለም።»

«ያለ እንቅርትም ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሰውነት የራሱ መከላከያ ተሳስቶ ዕጢዋን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃት ነው። የእሳቸው ጥፋት አይደለም፤ የማንም አይደለም። ግን ሳላረጋግጥ መድኃኒት አልጀምርም።»

የደም ምርመራው ያን ሰሞን እዚያ አይሠራም ነበር፤ ለማሽኑ የሚያስፈልገው ኬሚካል አልቆ ነው። ደሜ ተቀድቶ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ለእሱም ከፈልን፤ ቀድሞ ለማይሆነው ሁሉ ከፍለን ስለነበር የማቴዎስ ፊት ጠቆረ፤ ግን አላንገራገረም። ስንወጣ «ማስረጃዬስ?» አልኳት። «ይጠብቁ» አለችኝ። «ስለ መጠጥ ከምጽፍልዎት የሚሻል ወረቀት ይመጣል።»

ውጤቱን የጠበቅንበት ጊዜ ከሕመሙ ይልቅ አስጨነቀኝ። ሐኪሟ ተሳስታ ቢሆንስ? ምንም ባይገኝብኝስ? ደኅና ነሽ መባልን እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ሐኪሟ ስትደውል ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነበርኩ።

«ወይዘሮ ታደለች፣ ሆርሞንዎ በጣም ዝቅ ብሏል። ዕጢዋ እንድትሠራ ከጭንቅላት የሚላከው ትእዛዝ ደግሞ እጅግ ከፍ ብሏል፤ ሥሪ ሥሪ እያለ ይጮኻል፤ እሷ ግን አትሰማም። በዚህ ሁኔታ ክፍል ውስጥ ቆመው ያስተምሩ ነበር?»

«አስተምር ነበር» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ መጽሐፍ መደርደሪያውን ተደግፌ አለቀስኩ። የኀዘን ለቅሶ አልነበረም። ሕመሜ ስም አገኘ!

ማታ ለማቴዎስ ነገርኩት። «ኮዳሽን አሽትቻለሁ» አለኝ።

«አይቼሃለሁ።»

«ለምን አልተናገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልጠየቅከኝም?»

ያን ማታ በአማርኛ አልታረቅንም። በየቋንቋችን ተናግረን፣ ተነካክተን፣ የሚወጣው ሁሉ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅኩት። «ፈራሁ» አለ። «እውነት ቢሆን ምን አደርጋለሁ ብዬ ፈራሁ።» ይቅር ማለት ጊዜ ወስዶብኛል፤ አልዋሽም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ውሃውን ቀድቶ ክኒኑን የሚያቀብለኝ እሱ ነው።

መድኃኒቱ ሌቮታይሮክሲን ይባላል፤ ዕጢዋ መሥራት ያቃታትን ሆርሞን የሚተካ ትንሽ ክኒን ነው። በባዶ ሆድ በውሃ ይዋጣል፤ ከዚያ ቁርስም ቡናም ቆየት ብሎ ነው። የደም ማነስ ክኒንም አብሮት አይወሰድም፤ በሌላ ሰዓት ነው። «እስከ መቼ ነው የምውጠው?» ስል ሐኪሟ «ምናልባት ዕድሜ ልክ» አለችኝ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይሰበራል። እኔ ያልኩት «ዕድሜ ካለኝ ችግር የለም» ነው።

ተአምር የሚጠብቅ ካለ ይተው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አልተለወጠም። መጠኑ ሲጨመር ልቤ ድው ድው አለና ደነገጥኩ፤ ሐኪሟ ጋ ተመልሼ ሄድኩ፤ አስተካከለችልኝ። አንዴ ደግሞ መድኃኒቱ ከሆሳዕና መድኃኒት ቤቶች ሁሉ ጠፋ። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልን፤ መናኸሪያ ገብተን ከሾፌሩ እጅ ተቀበልን። ከዚያ ወዲህ ሊያልቅ ሲል አይደለም የምፈልገው፤ ግማሽ ሲደርስ ነው።

ድምፄ የተመለሰው በፍየል ምክንያት ነው። አንድ ጠዋት የጎረቤት ፍየል ጓሮ ገብታ ጎመኔን ስትግጥ አየሁና «ሂጂ! ውጪ ከዚህ!» ብዬ ጮህኩባት። ጩኸቱ ጥርት ብሎ ወጣ። ፍየሏ በረረች። ማቴዎስ ምን ደረሰባት ብሎ በካልሲ ሮጦ መጣ። «ሰማኸኝ?» አልኩት። «ሰፈሩ ሁሉ ሰማሽ» አለ። ቤተልሔም በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች። በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ቦርሳዬን ተቀበለችኝና አብረን ሄድን።

አማቴ ሊጠይቁኝ ከዶዮገና መጡ። ዕድሜ ልክ ክኒን መዋጥ የሚባለውን አልወደዱትም። «እኛ ዘንድ የሚጸልይ አንድ አገልጋይ አለ፤ በእምነት መድኃኒቱን ትተሽ ብትመጪ...» አሉኝ።

«እማዬ፣ ይጸልይልኝ። እመጣለሁም። ክኒኔን ግን ውጬ ነው የምመጣው።»

«ታዲያ እምነቱ የቱ ጋ ነው?»

«ያቺን ሐኪም ማን የላከልኝ ይመስልዎታል?»

አሰቡ፤ አሰቡና «እሱስ እውነት ነው» አሉ። ሲሄዱ የላመ ቡላ ትተውልኝ ሄዱ። ቡላው ይቅርታ መሆኑን አውቄያለሁ።

ሰውነቴ ሲመለስ ሥራዬን ላስመልስ ወደ አቶ ደሳለኝ ቢሮ ገባሁ። የሐኪም ወረቀቴን አይቶ ደስ አለው። «እንኳን ዳንሽ! በቃ፣ ያለፈው አልፏል፤ ከሰኞ ጀምሮ ክፍልሽን ያዢ» አለ።

«አላለፈም። ስሜ የጠፋው በስብሰባ ላይ ነው። የሚመለሰውም በስብሰባ ላይ ነው።»

«ነገር መቆስቆስ ይሆናል እኮ።»

«የቆሰቆስኩት እኔ አይደለሁም። ካልፈቀድክልኝም ተነሥቼ እናገራለሁ።»

ፈቀደልኝ። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ቆሜ፣ ታይሮይድ ምን እንደሆነና ሲደክም ሰውን ምን እንደሚያስመስል በጠራ አማርኛ፣ ምላሴ ሳይያዝ አስረዳሁ። እኚያ ነጋዴ ተነሡ። «እኔ በልጄ የሰማሁትን፣ በዓይኔም ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አሉ። «ያዩት ልክ ነው» አልኳቸው። «የፈረዱት ግን ልክ አይደለም።» ቁጭ አሉ። እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቁኝም። ሴት ልጃቸው ክፍሌ ውስጥ አለች፤ ጎበዝ ናት፤ ግጥም ስታነብ ደስ ትለኛለች።

አንቺ ይህን የምታነብቢ፣ ስሚኝ። የደከመው ሁሉ ታይሮይዱ ነው እያልኩሽ አይደለም። ግን ሰው ሁሉ ሞቆት አንቺን ብቻ ከበረደሽ፣ ሳትበዪ ከወፈርሽ፣ ፀጉርሽና ቅንድብሽ ከረገፈ፣ ድምፅሽ ከተለወጠ፣ ታይፎይድ ነው ብለው በመርፌ አይሸኙሽ። «ታይሮይዴን መርምሩልኝ» በይ፤ አፍሽን ሞልተሽ ተናገሪው። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ለመውለድ ካሰብሽ ደግሞ ፈጥነሽ ለሐኪም ንገሪ። መድኃኒቱን ከጀመርሽ በኋላ ደኅና ስትሆኚ «ድኛለሁ» ብለሽ በራስሽ አታቋርጪ፤ ደኅና የሆንሽው ስለምትውጪው ነው። አንተም ወንድሜ፣ የሚስትህን ኮዳ ከማሽተትህ በፊት ፊቷን እይ።

የቀረኝ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ጋሽ ጴጥሮስ ብቻቸውን ቤት መጥተው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «ልጄ፣ በድለንሻል» አሉኝ። እኚህ ትልቅ ሰው ይህን ሲሉ እኔ ነኝ ያፈርኩት። ሰለሞን ግን አልመጣም። ሰንበት ትምህርቱን ተመልሰሽ ያዢ ሲሉኝ፣ የወሰዳችሁት በጉባኤ አስነግራችሁ ነው፣ ስትመልሱም አስነግሩ አልኳቸው።

እሑድ ሆነ፤ ሰው ሞልቷል። ሰለሞን ማስታወቂያ ሊያነብ መድረክ ላይ ወጣ። ስለ ጸሎት ፕሮግራም፣ ስለ ጣራ ማሠሪያ መዋጮ ተናገረ። በመጨረሻ ቀና ብሎ ሳያየኝ «በተጨማሪም እህታችን ታደለች ከነበረባት ችግር ጌታ ፈውሷት ወደ አገልግሎቷ ተመልሳለች፤ ክብር ለጌታ ይሁን» አለ። ሰው እልል ሊል አፉን ከፈተ።

ተነሣሁ። ማቴዎስ ይይዘኛል ብዬ ነበር፤ አብሮኝ ተነሣና አጠገቤ ቆመ።

«ወንድም ሰለሞን፣ ይቅርታ» አልኩ፤ ማይክሮፎን አላስፈለገኝም። «የነበረብኝ ችግር አይደለም፤ በሽታ ነው። ስሙም ታይሮይድ ነው። አልተፈወስኩም፤ እየታከምኩ ነው። ዛሬ ጠዋት ክኒኔን ውጬ ነው የመጣሁት፤ ነገ ጠዋትም እውጣለሁ። ክብሩ ለጌታ ይሁን፤ ግን በትክክሉ ይነገር።»

ሰለሞን ወረቀቱን ያጥፋል፤ ይዘረጋል። ከሴቶቹ ወገን ከኋላ አንዲት አሮጊት፣ አንድም ጊዜ አነጋግሬያቸው የማላውቅ፣ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መታ አድርገው በሙሉ ድምፃቸው «አሜን!» አሉ።

ከዚያ ጉባኤው ሁሉ «አሜን» አለ።